ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር፦ ርካሽ ትኬት፣ የሃዋይ ደሴቶችና የአሎሃ አየር መንገድ ፍጻሜ



የኢኮኖሚ ታሪክ ስናስተምር «ውድድር» የሚለውን ቃል በየገጹ እንጠቅሰዋለን። ይሁን እንጂ ውድድር በገሃድ ሲካሄድ፣ ማን ጀምሮት ማን እንደሚያተርፍበት፣ ከወር ወደ ወር ለመከታተል የምንችልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያሉት የሃዋይ ደሴቶች ይህን ዕድል ይሰጡናል። ገበያው ትንሽ ነው፤ ተዋናዮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተካሰው ፍርድ ቤት ስለቆሙ በጓዳ የተጻጻፉት ሁሉ አደባባይ ወጥቷል። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አሎሃ አየር መንገድ ከ61 ዓመታት በላይ መንገደኛ ሲያመላልስ ቆይቶ ማርች 31 ቀን 2008 የመጨረሻ የመንገደኛ በረራውን አደረገ። ምን ገደለው ለሚለው ጥያቄ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ በ2006 ከዋናው አሜሪካ መጥቶ በ39 ዶላር ማብረር የጀመረ ርካሽ አየር መንገድ። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ይሸፍንብናል፤ የእኔም ክርክር ከእነርሱ ይነሣል።

በመጀመሪያ የቦታውን ጠባይ ልብ እንበል። እዚህ አገር አውሮፕላን የሚወደድበት ሰው አውቶቡስ አለለት፤ ጊዜውን ይከፍላል እንጂ መንገዱ አይቋረጥበትም። ከሞሎካይ ወይም ከካዋይ ተነሥቶ ሆኖሉሉ ወዳለ ልዩ ሐኪም ለሚሄድ በሽተኛ ግን ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ድልድይ የለም። በ2007 የተጀመረው ትልቅ የባሕር ጀልባ አገልግሎት እንኳ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሳይደረግ ነው የጀመረው በሚል ክርክር ተጠምዶ በማርች 2009 ቆመ። ስለዚህ የትኬት ዋጋ በሃዋይ የቱሪስት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ሠርግ የሚታደምበት፣ የትምህርት ቤት ቡድን ለግጥሚያ የሚሄድበት ነው።

ይህን መንገድ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የያዙት ሁለት የአገሩ ኩባንያዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ኖቬምበር 11 ቀን 1929 በሲኮርስኪ የውሃና የየብስ አውሮፕላን በረራ የጀመረውና በኋላ ሃዋይያን አየር መንገድ የተባለው ነው። ሁለተኛውን ሩዲ ቶንግ የተባለ ቻይናዊ የዘር ሐረግ ያለው አሳታሚ መሠረተው፤ በጁላይ 1946 መብረር ጀመረ። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ። ሁለቱም የተነሡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ የዳግላስ ማመላለሻ አውሮፕላኖች ነበር፤ ያ ዘመን እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች በርካሽ የሚገኙበት ዘመን ነበረና። አሎሃ የሚለውን ስም ኩባንያው ያገኘው ቆይቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በነባሩ ኩባንያ ዘንድ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ሰው እንታያለን ይሉ የነበሩ የእስያ ተወላጆች እንደ ራሳቸው አየር መንገድ ያዩት ነበር። ይህ ስሜት በኋላ ላይ ወደሚመጣው ነገር ይመልሰናል።

የደሴት በረራ አጭር ነው። ከሆኖሉሉ እስከ ማዊው ካሁሉዊ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በአየር ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ጄት በቀን ደጋግሞ ይነሣል፣ ደጋግሞ ያርፋል፤ ነዳጅ በብዛት የሚበላውም፣ አካሉ በአየር ግፊት የሚለጠጠውም በመነሣትና በማረፍ ነው። በኤፕሪል 1988 የአሎሃ ቦይንግ 737 በአየር ላይ ሳለ የጣሪያው ክፍል ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን ስታጣ፣ አውሮፕላኑ 89,680 ጊዜ በርሮ ነበር። የደሴት አየር መንገድ ወጪ ከየት እንደሚመጣ ለሚጠይቅ ተማሪ ሁልጊዜ ይህን ቁጥር እጠቅሳለሁ።

በ1978 የአሜሪካ መንግሥት የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር መወሰን ሲያቆም በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ሚድ ፓሲፊክ የተባለ ኩባንያ በ1981 በጃፓን ሠራሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ዋጋ ሰብሮ ገባ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው ከመንገደኛ አገልግሎት ወጣ። ማሃሎ በ1993 ገብቶ በ1997 ተዘጋ። እንግዲህ ርካሽ ትኬት በሃዋይ በ2006 የተፈለሰፈ ነገር አልነበረም። በየጊዜው አዲስ ኩባንያ ይመጣል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ አዲሱ ይከስራል፣ ነባሮቹ ሁለቱ ይቀራሉ።

ሁለቱ ነባሮችም ቢሆኑ ንጹሓን በጎች አልነበሩም። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በዲሴምበር 2001 ለመዋሐድ እንደተስማሙ አስታወቁ፤ ውሉ በማርች 2002 ፈረሰ። ከዚያም የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የፀረ ሞኖፖል ሕጉን ለአንድ ዓመት ያህል አንሥቶላቸው፣ በደሴቶቹ መካከል የሚያቀርቡትን ወንበር ብዛት እየተመካከሩ እንዲወስኑ ፈቀደላቸው። ወንበር ሲቀንስ ዋጋ ይወጣል፤ ለዚህ ሰፊ የኢኮኖሚክስ እውቀት አያስፈልግም። ፈቃዱ በ2003 መገባደጃ ሲያበቃም ዋጋው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ነጋዴ ሃዋይ የከፈለች፣ ያልተነካች ገበያ ሆና ታየችው ብል የማጋንን አይመስለኝም።

የሚገርመው ግን በዚያው ዘመን ሁለቱም ከስረው ነበር። ሃዋይያን በማርች 2003፣ አሎሃ በዲሴምበር 2004 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። አሎሃ በፌብሩዋሪ 2006 ሲወጣ ሠራተኞቹ የደመወዝ ቅነሳ ተቀብለው፣ የጡረታ ዕቅዶቻቸው ተቋርጠው ለፌዴራሉ የጡረታ ዋስትና ድርጅት ተላልፈው ነበር። ኩባንያው የዳነው በእነርሱ ኪስ ነው ማለት ይቻላል።

በኪሳራ ፍርድ ቤት ውስጥ ያለ ኩባንያ ገንዘብ ሊያወጣለት ለሚችል ሰው ሁሉ መዝገቡን ይከፍታል። የሃዋይያንን መዝገብ ከተመለከቱት አንዱ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአሪዞና ፊኒክስ ያደረገው ሜሳ ኤር ግሩፕ ነበር። ሜሳ በራሱ ስም ብዙም አይታወቅም ነበር፤ የሚኖረው ለትልልቅ አየር መንገዶች በእነርሱ ስምና ቀለም አነስተኛ ጄቶችን በኮንትራት በማብረር ነበር። ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሞ የሃዋይያንን የውስጥ መረጃ ወሰደ፤ ገንዘቡን ግን አላዋለም። ጁን 9 ቀን 2006 «ጎ!» በሚል ስም፣ ሃምሳ መቀመጫ ባላቸው ጄቶች፣ በ39 ዶላር ደሴቶቹን ማገናኘት ጀመረ። ነባሮቹም ዋጋቸውን አወረዱ። ትኬቱ አንዳንዴ ከ39ም በታች ወርዶ ተሸጧል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ተራው የደሴት ሰው ተጠቅሟል። ለዓመታት ያልጠየቀውን ዘመድ የጠየቀ፣ ሕክምናውን ያላስተጓጎለ ብዙ ሰው መኖሩ አያጠራጥርም፤ ይህን አቃልሎ የሚያልፍ የታሪክ ጸሐፊ ለኩባንያ እንጂ ለሰው አልጻፈም። ጥያቄው ያ ዋጋ በምን ቆመ የሚለው ነው። ሜሳ በሃዋይ የሚያጣውን በዋናው ምድር ኮንትራቶቹ ለጊዜው ሊሸከመው ይችል ነበር። አሎሃ ከኪሳራ ገና የወጣ፣ ያለ እነዚህ መስመሮች ዐቅሙ የሚሟጠጥ ድርጅት ነበር። በኋላ በክርክር የወጡት የሜሳ የውስጥ መልእክቶች እንደሚያሳዩት መሪዎቹ የአሎሃን ከገበያ መውጣት በዕቅዳቸው ውስጥ አስገብተው ይነጋገሩበት ነበር።

ሃዋይያን በ2006 መጀመሪያ ክስ መሠረተ። የኪሳራ ፍርድ ቤቱ ዳኛ በኦክቶበር 2007 ሜሳ ምስጢራዊውን መረጃ ከስምምነቱ ውጭ ተጠቅሞበታል ብለው 80 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱ። የሜሳ የፋይናንስ ኃላፊ ከኮምፒውተሩ ፋይሎችን መደምሰሱም በውሳኔው ተመዝግቧል። ለእኛ ሙያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያ ክስ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚገኘው የማስታወቂያ ወረቀትና የዋጋ ዝርዝር ብቻ በሆነ ነበር፣ ታሪኩም «ገበያው ወሰነ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ2008 ጸደይ ሁለቱ ኩባንያዎች በ52.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ።

ለአሎሃ ግን ዘግይቷል። በ2008 መጀመሪያ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል 100 ዶላር አለፈ፤ ያረጁ 737 አውሮፕላኖችን ደጋግሞ ለሚያስነሣ ኩባንያ ይህ ከ39 ዶላሩ ትኬት ያላነሰ ዱላ ነበር። ማርች 20 ቀን እንደገና ኪሳራ ጠየቀ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን መንገደኛ ማመላለሱን አቆመ። 1,900 ያህል ሠራተኞች ሥራ አጡ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደመወዛቸውንና ጡረታቸውን የሰጡት እነርሱው ናቸው።

በዓመቱ መጨረሻ ላይ አሎሃ በበኩሉ የመሠረተው ክስ በስምምነት ሲያበቃ፣ ሜሳ የአሎሃን ስም ለራሱ አየር መንገድ ሊጠቀምበት ፈለገ። የቀድሞ ሠራተኞች ተቃወሙ፤ የኪሳራ ዳኛውም ስሙን ለሜሳ አንሰጥም አሉ። ቀደም ብዬ ስለ እስያ ተወላጆቹ ያነሣሁት ስሜት ለዚህ ነበር። አውሮፕላኑ፣ መስመሩና ሥራው ሁሉ ከሄደ በኋላ እነዚያ ሰዎች ሊከላከሉት የቻሉት ስሙን ብቻ ነው፤ ይህንንም አድርገውታል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ እመለሳለሁ። ዋጋ ሰባሪው አላሸነፈም። አሎሃ ሲወጣ ትኬት ተወደደ፤ ክፍተቱን አውሮፕላን ጨምሮ የሞላው ሃዋይያን ሆነ። ሜሳ በጃንዋሪ 2010 ራሱ ኪሳራ ጠየቀ፤ «ጎ!» በኤፕሪል 2014 ተዘጋ። ሁለት ኩባንያ የተካፈሉትን ሰማይ ሊሰብር የመጣው ርካሽ ትኬት፣ ሰማዩን ከሞላ ጎደል ለአንድ ኩባንያ አስረክቦ ሄደ። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ሃዋይያንም ቢሆን። ስለዚህ የአሎሃን ሞት በ39 ዶላር ብቻ ማስረዳት፣ ወንበር ቀንሰው ዋጋ እንዲያስወጡ የፈቀደውን መንግሥትም፣ የፈቃዱን ጥቅም የበሉትን ሁለቱን ነባሮችም ከታሪኩ ማስወጣት ነው።

ቀጣዩ ዋጋ ሰባሪ ሳውዝዌስት ሲሆን ኤፕሪል 28 ቀን 2019 በደሴቶቹ መካከል መብረር ጀመረ፤ የመግቢያ ትኬቱንም በ29 ዶላር ሸጠ። ይህ ግን ሜሳ አልነበረም፤ በራሱ ስም የሚበር፣ የዋናው ምድር ግዙፍ ነው። ሃዋይያን በዚሁ ውድድር ላይ ወረርሽኙ፣ የጃፓን መንገደኞች ቶሎ አለመመለስ፣ የአዳዲስ አውሮፕላኖቹ ሞተር ችግርና የ2023ቱ የማዊ ቃጠሎ ተደራረቡበት። በዲሴምበር 2023 ለአላስካ አየር መንገድ ባለቤቶች በ1.9 ቢሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ፤ ሽያጩ በሴፕቴምበር 2024 ተፈጸመ። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሽያጩን ያሳለፈው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ከነዚህም አንዱ በደሴቶቹ መካከል ያለው ቁልፍ አገልግሎት ለስድስት ዓመት እንዲጠበቅ ነው። ስድስቱ ዓመት በ2030 ይሞላል። ዛሬ ከሆኖሉሉ ወደ ካሁሉዊ የሚነሡት የመንገደኛ ጄቶች የሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ የአንዱ ባለቤት በሲያትል ነው፣ የሌላው ዋና መሥሪያ ቤት በዳላስ።