ጌታው ቤት ፈረሰ፣ ዘበኛ ቤቱ ቀረ



በእንግሊዝ ገጠር የተጓዘ ሰው ከመንገድ ዳር አንዲት ያጌጠች ትንሽ ቤት፣ አጠገቧም ትልቅ በር ሊያይ ይችላል። ከበሩ ወዲያ ግን አንዳንድ ጊዜ ሜዳና ዛፍ ብቻ ነው ያለው። ይህች ቤት በእንግሊዝኛ «ሎጅ» ትባላለች። እኛ ዛሬ ሎጅ የምንለው የእንግዳ ማረፊያ አይደለችም፤ የባለርስቱ ዘበኛ ቤት ናት።

እንዲህ ያሉ ቤቶች የበዙት በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። መኳንንቱ ርስታቸውን በግንብ አጥረው በየመግቢያው በር ጠባቂ ከነቤተሰቡ ያኖሩ ነበር። ብዙ ጊዜ ባል በርስቱ ውስጥ ሲሠራ፣ ሚስት ሠረገላ በመጣ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወጥታ በሩን ትከፍታለች። ቤቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለነበር ሥራው ከቀረ ቤቱም ይቀራል።

ሎጅ ሌላም ተግባር ነበራት፤ የጌታውን ክብር ማሳየት። ዋናው ቤት ከበሩ ርቆ በዛፍ ስለሚሸፈን መንገደኛው የሚያየው በሩን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዷ እንደ ግሪክ ቤተ መቅደስ፣ አንዳንዷ እንደ ትንሽ ግንብ ትሠራ ነበር። ለመልክ ሲባል በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ሲሠሩ፣ ቤተሰቡ በአንዱ አብስሎ በሌላው የሚያድርበት ጊዜ ነበር። በሳፎክ አውራጃ፣ በሬንድልሻም ርስት የምትገኘው ሎጅ ደግሞ እንደ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ድጋፎች አሏት፤ ድጋፎቹ ከጣሪያው በላይ ተገናኝተው የጭስ መውጫውን ይሸከማሉ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። የእርሻ ገቢ ቀነሰ፤ በ1894 (እ.ኤ.አ.) የውርስ ግብር ከበደ፤ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶችም ተከተሉ። በ20ኛው መቶ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ታላላቅ ቤቶች ፈረሱ። የሬንድልሻም ዋና ቤት በ1949 ፈረሰ። በኖቲንግሃምሻየር የኒውካስል መስፍኖች መኖሪያ የነበረው ክላምበርም በ1938 ፈርሷል። የክላምበርን መሬት በ1946 ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ማኅበር ገዛው። ዛሬ ሕዝብ ይዝናናበታል፤ የሚገባውም በእነዚያው የጥንት በሮች ነው።

ትንንሾቹ ቤቶች ስለምን ቀሩ? ጣሪያቸውን ለማደስ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለአንድ ቤተሰብም ይበቃሉ። ከ1947 ወዲህም ሕጉ ታሪካዊ ሕንፃዎችን በመዝገብ አስፍሮ ይጠብቃል፤ የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ አይፈርስም። በ1965 የተመሠረተው ላንድማርክ ትረስት ደግሞ ያረጁ ቤቶችን፣ ሎጆችንም ጭምር፣ አድሶ ለእረፍት ያከራያል።

ስለዚህ እንግሊዝ ያሉ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ብትሄዱና እንዲህ ያለች ቤት ብታዩ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የባለርስቱ የቤተሰብ ዓርማ በድንጋይ ተቀርጾ ሊገኝ ይችላል። በሩን ሌሊት ተነስታ ትከፍት የነበረችው ሴት ስም ግን እዚያ አይጻፍም።