ራም

ራም ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ሳለ ፕሮግራሞችንና መረጃዎችን ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ ነው። ከሃርድ ዲስክ የሚለየው መብራት ሲጠፋ የያዘው ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው። «ሚሞሪ» ሲባል የስልክ ካርድም ሊታሰብ ስለሚችል፣ ዕቃው ሲገዛ «ራም» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ስሙ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ትውልዱም (ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 መሆኑ) መታወቅ አለበት። የዴስክቶፕ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 እኩል 240 ፒን ቢኖራቸውም፣ ከታች ያለው ቆረጥ ያለ ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ዲዲአር4 ደግሞ 288 ፒን አለው።

«ዱዋል ቻናል» የሚባለው ማዘርቦርዱ ሁለት ራሞችን በሁለት መስመር ጎን ለጎን ሲያሠራ ነው። ይህ ሥራውን ስለሚያፋጥን ከአንድ ባለ 8 ጊጋባይት ይልቅ ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ይመረጣል። አራት ስሎት ባላቸው ብዙ ቦርዶች ጥንዶቹ የሚገቡት ቀለማቸው አንድ በሆነ ስሎቶች ነው፤ የቦርዱ ማኑዋል ትክክለኛውን ያሳያል። ባለ 1333 እና ባለ 1600 ራም ከተደባለቁ ሁለቱም በዝቅተኛው ፍጥነት ይሠራሉ።

ሲገጠም ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ገመዱም ይነቀላል። የኬዙን ብረት በመንካት የሰውነት ኤሌክትሪክ ይወገዳል። የስሎቱ መያዣዎች ተከፍተው ራሙ ቀጥ ብሎ ይገባና ቀጭ እስኪል በሁለቱም ጫፍ እኩል ይጫናል።

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም ስለማይችል፣ ራም ከመግዛት በፊት ሲስተሙን ማየት ያስፈልጋል።