የትእዛዙ ቀን
(ስለ 1911 ዓ.ም. በሽታና ስለ ሁለት ከተሞች ሹማምንት)



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን ስናቃጥል ልጆች «ኅዳር የሚታጠነው ለምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። ነገሩ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙዎቻችን ከአባቶቻችን ሰምተናል። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሕዝቡ በሺህ እየተቆጠረ አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በጠና ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው የዳኑት። ነገር ግን በሽታው የኛ ብቻ አልነበረም። ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ሲሆን ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰ ነው። ዛሬ ለመጻፍ ያሰብኩት በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር፣ በፊላደልፊያና በሴንት ሉዊስ፣ የከተማ ሹማምንት ስላደረጉት ነገር ነው። ቀኖቹን በኛ አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

ፊላደልፊያ በሽታውን ያስገቡት የባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው። መስከረም 7 ቀን በከተማው ነዋሪ ላይም መታየቱ ታወቀ። የጤናው ሹም ዶክተር ዊልመር ክሩዘን የሚባሉ ነበሩ። ጊዜው የጦርነት ስለሆነ፣ ለጦሩ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ትልቅ ሰልፍ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰልፉ ይቅር ያሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሹሙ ግን አልከለከሉም። መስከረም 18 ቀን፣ በኛ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው፣ 200,000 ያህል ሕዝብ መንገድ ላይ ወጣ። በሦስት ቀን ውስጥ በከተማው 31 ሆስፒታሎች ባዶ አልጋ ጠፋ። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትያትር ቤቱ ይዘጋ የሚል ትእዛዝ የወጣው መስከረም 23 ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደል?

እኛ የዕድር ሰዎች ነንና ከዚያ ወዲያ የሆነው ከማንም ይበልጥ ይገባናል። የከተማው የሬሳ ማቆያ የተሠራው ለ36 ሬሳ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠር ተከመረበት። የሬሳ ሳጥን ጠፋ። አንዳንዱ የቀብር ነጋዴም ዋጋውን እጥፍ ድርብ አደረገው። ጉድጓድ ቆፋሪ ስለታጣ ሰው ያባቱን፣ የልጁን ጉድጓድ ራሱ ቆፈረ። የቅስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች አካፋ ይዘው ወጡ። በመጨረሻም መቆፈሪያ መኪና ረጅም ቦይ እያወጣ ሬሳው ጎን ለጎን ተቀበረ። ለቀስተኛ የለ፣ ድንኳን የለ። በስድስት ሳምንት ከ12,000 ሰው በላይ ሞተ። ሀብታም ከተማ ነበረች እኮ!

ሴንት ሉዊስ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። የጤና ሹሟ ዶክተር ማክስ ስታርክሎፍ ነበሩ። መስከረም 25 ቀን የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ታወቁ፤ መስከረም 27 ቀን ትእዛዝ ወጣ። ትያትሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ዳንስ ቤቱ፣ የማኅበር ስብሰባው፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቀብር ሳይቀር ተከለከለ። ለኛ ሰው «ለቀስተኛ አትሰብስብ» ማለት ከሞቱም የባሰ ነው፤ እኔም ስሰማው ደንግጫለሁ። ግን የፊላደልፊያውን ቦይ ላሰበ ሰው ክልከላው ይሻላል። ነጋዴዎች አጉረመረሙ፣ የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስም ተቃወሙ፤ ከንቲባው ሄንሪ ኪል ግን ከሐኪሙ ጎን ቆሙ።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ላይ ነው። የሁለቱ ከተሞች ትእዛዝ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የሚለየው ቀኑ ነው። እዚያ 16 ቀን፣ እዚህ 2 ቀን። «ይታይ» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር የሚከርም ወረቀት ስንት አይቻለሁ! በፈረንጆች 2007፣ ሊቃውንት እንዳሰሉት በሽታው በበረታበት ሳምንት ከ100,000 ሰው በፊላደልፊያ 257፣ በሴንት ሉዊስ 31 ሞቷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በቁጥር ሲጻፍ እንዲህ ነው።

ለፍርድ ያህል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፊላደልፊያ ቀድማ የተመታች ናት፤ ሴንት ሉዊስ የሌላውን ለቅሶ ለመስማት ጊዜ አግኝታለች። እሷም ብትሆን ሳትሳሳት አልቀረችም። ኅዳር 2 ቀን ጦርነቱ ቆመ ሲባል ሕዝቡ በደስታ አደባባይ ወጣ፤ ብዙ ሳይቆይ ትእዛዙ ላላ፤ በሽታውም ተመልሶ መጣ። ዶክተር ስታርክሎፍም ትምህርት ቤቶቹን ለሁለተኛ ጊዜ ዘጉ።