የቶኪዮው ቀመር እና የቴፒ ጫካ

በቴፒ ግቢ የተማርን ምሩቃን ሁሉ ዲግሪያችን ላይ ያልተጻፈ አንድ ሙያ አለን፤ ኔትወርክ ፍለጋ። የትኛው በረንዳ ላይ ሁለት መስመር እንደሚመጣ፣ የትኛው ዳገት ላይ ተወጥቶ ወደ ቤተሰብ መደወል እንደሚቻል ማንም ሳያስተምረን እናውቅ ነበር። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ መሐንዲሶች ሞገድ የት እንደሚደርስ ለመተንበይ የሄዱበት መንገድም ይኸው ነው፤ እየዞሩ መለካት።

የመጀመሪያው ደረጃ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ሃራልድ ፍሪስ ምንም መሰናክል በሌለበት ባዶ ቦታ ሞገድ እንዴት እንደሚዳከም በቀመር አስቀመጠ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ግን ማን በባዶ ቦታ ይኖራል? ስለዚህ ኦኩሙራ የተባለ ጃፓናዊና ባልደረቦቹ ቶኪዮንና አካባቢዋን እየዞሩ ለኩ፤ ውጤቱንም በ1968 በግራፍ አወጡ። በ1980 ሃታ ግራፎቹን ወደ ቀመር ቀየራቸው። ዛሬም የሽፋን ትንበያ የሚማር ተማሪ ይህን ቀመር ሳያገኝ አያልፍም።

እስቲ ቀመሩን ወደኛ ሰፈር እናምጣው። ዴሲቤል የኃይል ቅነሳ መለኪያ ነው፤ በ10 ሲጨምር ኃይሉ ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል። ታወሩ ላይ ያለው አንቴና 30 ሜትር ከፍታ አለው፣ ሞገዱ 900 ሜጋኸርዝ ነው፣ ስልኩ 5 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። ቦታው ከተማ ነው ካልን ቀመሩ 151 ዴሲቤል ገደማ ኪሳራ ይሰጠናል። ገላጣ ገጠር ነው ካልን ደግሞ 122 ተኩል ገደማ። ልዩነቱ በኃይል ሲመነዘር 700 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ከሚዛን ተፈሪ ወደ በበቃ ስንወርድ፣ በትልልቅ የጥላ ዛፎች ሥር ያለው ቡና ከሁለቱ የትኛው ነው? ሁለቱንም አይደለም። ሃታ ለከተማ፣ ለከተማ ዳርቻና ለገላጣ ቦታ እንጂ ለጫካ መደብ አላዘጋጀም። መነሻ ያደረገውም ለጥ ያለ መሬት ነው።

ጫካውን ያስታወሱት ሌሎች ናቸው። በ1960ዎቹ አሜሪካኖች ለወታደር ሬዲዮ ሲሉ በታይላንድ ደን ውስጥ ለኩ። በ1967 ታሚር የተባለ ተመራማሪ ሞገድ ጫካውን ሰንጥቆ ከማለፍ ይልቅ ወደ ላይ ወጥቶ በዛፎቹ አናት ላይ ሊጓዝ እንደሚችል አስረዳ። የዋይስበርገር የ1982 ቀመር ደግሞ 100 ሜትር የዛፍ ቅጠል በ900 ሜጋኸርዝ 19 ዴሲቤል ገደማ ይበላል ይላል፤ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይተርፋል ማለት ነው። ይህም የተሠራው መካከለኛ የአየር ጠባይ ባለበት አገር ለሚገኝ ደረቅ ዛፍ ነው። ደረቅ! ቴፒን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

«ዝናብ ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል» የሚለውን አባባልም እንየው። በ900 ሜጋኸርዝ የዝናብ ጠብታ ራሱ እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የለውም። ግን የረጠበ ቅጠል ሌላ ነው። ታወርን ከታወር የሚያገናኘው ማይክሮዌቭ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ሲሆን ከባድ ዝናብ በእርግጥ ይጎዳዋል። መብራት የጠፋ እንደሆነም ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ስልኩን ለያዘው ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ «ኔትወርክ የለም» ነው። መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ስለሆነ፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡንና መብራቱን አብሮ ሳይመዘግቡ መለየት አይቻልም።

ሞባይል በአዲስ አበባ ከተጀመረ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው። ቡና አምራቹም የምርት ገበያውን ዋጋ 929 ደውሎ መስማት የሚችልበት ጊዜ መጣ። ነገር ግን ቡናው ሥር ቆሞ ካልሰማ ሰብሳቢው የነገረውን ዋጋ ከመቀበል ውጪ ምን ምርጫ አለው? የሽፋን ካርታ ላይ ሰፈሩ ቀለም ተቀብቶ ይሆናል፤ ቀለሙ ግን ትንበያ ነው። ትንበያውም ከቶኪዮ ለመጣ መደብ የተሠራ ከሆነ፣ ገበሬው ስህተት ነው ብሎ የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም።

ማስረጃው ውድ አይደለም። ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር ያሳያል። በጋና ክረምት፣ ገላጣና ጥላ ሥር፣ በተወሰኑ ቦታዎች አንድ ዓመት ሙሉ ቢመዘገብ፣ የሃታን ቀመር በራሳችን ልክ ማረም ይቻላል። ሞገዱን የሚያውቁት የኮምፒውቲንግና የምህንድስና መምህራን ቴፒ ናቸው። ዛፉንና ቡናውን የሚያውቁት የግብርና መምህራን ሚዛን ናቸው። ምሩቃኑ ደግሞ በየወረዳው ስልክ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። የጎደለው ይህን ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚሰበስብ ሰው ነው፤ ከዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች መካከል እንደሚገኝ አልጠራጠርም።