ካሎሪ ስንት ጭብጥ በሶ ነው?

ከአልዩ አምባ ገበያ ተነስቶ ወደ አንኮበር የወጣ ሰው ዳገቱ ጉልበት እንደሚበላ ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልገውም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች የሚወጡት በዚሁ ዳገት ነበር። የደጋው ሰው ስንቅ ደግሞ በሶ ነው፤ ለመያዝ ቀላል፣ ቶሎ የማይበላሽ።

እስቲ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 500 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ሰውነቱን ለማንሳት ብቻ 82 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ጡንቻ ግን እንደ ሞተር ነው፤ ካቃጠለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚቀይረው ቢበዛ ሩቡን ያህል ነው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ወጪው ወደ 330 ይጠጋል። ይህ 100 ግራም የማይሞላ የበሶ ዱቄት ነው። ያ ሁሉ ላብ ለዚህች!

ካሎሪ ራሱ የመጣው ከሞተር ትምህርት ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ክሌማን በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር ቃሉን ይጠቀምበት ነበር። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር ሰዎችን በታሸገ ክፍል እያኖረ ከሰውነታቸው የሚወጣውን ሙቀት ለካ። ዛሬም የምንጠቀምበት ስሌት የእሱ ነው፦ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9። በ1918 ሐኪሟ ሉሉ ሀንት ፒተርስ ቁጥሩን ለክብደት መቀነሻ አደረገችው፤ በቀን 1200 የሚለው ምክርም በእሷ መጽሐፍ ታወቀ።

እኛ አገር ግን ቁጥሩ ሌላ ሥራ ነበረው። ኦግሬንና ጊብሰን በ1968 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ምግቦችን ይዘት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሲያወጡ ጭንቀቱ ምግብ ስለጎደላቸው ሰዎች ነበር። በስዊድን እርዳታ የተሠራው ፋፋም የዚያው ዘመን ሥራ ነው።

እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሆኜ ለመቀነስ ቆጠርኩ። ስልኬ ላይ 1200 ሞላሁና ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ብርዱ አጥንቴ ገባ፣ ሌሊት እንጀራ በሕልሜ ይመጣብኝ ጀመር። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወንዶች ለ24 ሳምንት በቀን 1600 ገደማ እየበሉ ሩብ የሚሆን ክብደታቸውን አጡ፤ በረዳቸው፣ ተነጫነጩ፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። እኔ ከእነሱም ያነሰ ነበር የምበላው።

አሁን ከምፈልገው ላይ የምቀንሰው 500 አካባቢ ብቻ ነው። ሽሮና ምስሩን አልተውኩም፤ የለካሁት ዘይቱን ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያው 120 ያህል ነዋ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ለዳገቱም ቢሆን ስንቅ ያስፈልጋል።