በሊዊዮስ የታሪክ አተራረክ ውስጥ መዘግየትና መቸኰል

የሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች የጦርነትን ነገር ሲተርኩ የጊዜን አጠቃቀም የሰው ጠባይ መመዘኛ ያደርጉታል። ለዚህም ጕልህ ምስክር የሚሆነው ቲቶስ ሊዊዮስ ከካርታጎው የጦር አለቃ ከአኒባል ጋራ ስለ ተደረገው ጦርነት የጻፈው፣ በተለይም 22ኛው መጽሐፉ ነው። ላይ ላዩን ለሚያነበው ሰው የመጽሐፉ ቁም ነገር «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ከሚለው ምሳሌ የማያልፍ ይመስላል፤ ለመረመረው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 ዓመት ቆንሲሉ ፍላሚንዮስ፣ ፈረሱ ጥሎት፣ ዓርማውም ከመሬት አልነቀል ብሎ ሳለ፣ ይህን ሁሉ መጥፎ ገድ ንቆ ገሠገሠ። መንገዱን ሳያስመረምር ጉም ወደ ሸፈነው ወደ ትራሲሜኖስ ሐይቅ ዳር በገባ ጊዜ በሊዊዮስ አቈጣጠር 15,000 ሮማውያን ከርሱ ጋራ አለቁ። ከዚህ በኋላ ዲክታቶር ሆኖ የተሾመው ፋብዮስ ማክሲሞስ ጠላቱን ከተራራ ወደ ተራራ በሩቁ ይከተል እንጂ ጦር አይገጥምም ነበር። ስለዚህም «ዘገምተኛ» ተብሎ ተነቀፈ፤ የፈረሰኞቹ አለቃ ሚኑክዮስም በሥልጣን እኩያው ተደረገ። ነገር ግን ሚኑክዮስ ቸኩሎ ከአኒባል ወጥመድ ሲገባ ያወጣው ያው ፋብዮስ ነው፤ የዳነውም «አባቴ» ብሎ ጠራው።

ሊዊዮስ የትረካውን እርምጃም ከነገሩ ጋራ ያስማማል። በ216 ዓመት፣ ከካኔ ጦርነት አስቀድሞ፣ ትረካውን ገታ አድርጎ ፋብዮስ ቆንሲሉን ኤሚልዮስ ጳውሎስን በረዥሙ ሲመክረው ያሰማል፤ አንባቢውም መጪውን ጥፋት እያወቀ እንዲጠብቅ ይገደዳል። ሌላው ቆንሲል ዋሮ ቸኩሎ የገጠመው ጦርነት ወደ 48,000 ሰው ፈጀ። ቆስሎ በድንጋይ ላይ የተቀመጠው ጳውሎስ፣ ምክሩን እንዳልዘነጋ ለፋብዮስ ልኮ ሞተ።

እዚህ ላይ ትረካው ይገለበጣል። የአኒባል የፈረሰኞች አለቃ ማሃርባል «ወዲያው ወደ ሮማ እንገሥግሥ» ቢለው፣ አኒባል ለማሰብ ጊዜ ፈለገ፤ ከተማይቱን ያዳናትም የዚያ ቀን መዘግየት እንደ ሆነ ይታመናል ይላል ሊዊዮስ። እንግዲህ ፋብዮስን ያስመሰገነው መዘግየት አኒባልን አስነቀፈው። በ205 ዓመትም ስኪፕዮ ወደ አፍሪቃ ልሻገር ሲል የተቃወመው ሽማግሌው ፋብዮስ ነበር። ፋብዮስ በ203 ዓመት ሞተ፤ በ202 ዓመት ስኪፕዮ አኒባልን በዛማ ድል አደረገው። ስለዚህ በሊዊዮስ ዘንድ ምስጋናው የዝግታ ሳይሆን ጊዜን ለይቶ የማወቅ ነው።

ይሁን እንጂ ተመራማሪ በትረካው ውበት እንዳይታለል ያስፈልጋል። ቸኳዮቹ ፍላሚንዮስ፣ ሚኑክዮስና ዋሮ ሦስቱም በተራው ሕዝብ ድጋፍ ከፍ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ፋብዮስና ጳውሎስ ግን የመኳንንቱ ወገን ናቸው። የማሃርባልም ምክር ከሊዊዮስ አስቀድሞ በጻፈው በግሪካዊው በፖሊብዮስ መጽሐፍ አይገኝም። ችኰላ እንግዲህ የጠባይ መግለጫ ብቻ ሳይሆን የክስ ቃልም ነው። ሆኖም ዋሮ ተሸንፎ ሲመለስ ከየማዕርጉ የተሰበሰበው ሕዝብ፣ ስለ ሀገሩ ተስፋ ባለመቍረጡ እንዳመሰገነው ይኸው ሊዊዮስ ሳይሸሽግ ጽፎአል። ክሱን ያቀረበው ብዕር የመከላከያውንም ምስክርነት አቆይቶልናልና፣ አንባቢ ሳይቸኩል ሁለቱንም ሊመዝን ይገባዋል።