ለአሮጌ መኪና የፊት አክስል አመራረጥ

የፊት አክስል (በጋራዥ አጠራር ሲቪ አክስል) የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮ ወደ ፊት ጎማ የሚያደርስ የብረት ዘንግ ነው። የፊት ጎማቸው በሚነዳ መኪናዎች ላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ይገኛል። በሁለቱም ጫፎቹ በግሪስ ተሞልተው በላስቲክ የተሸፈኑ ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች አሉት። እንደ ቶዮታ ቪትዝና በኋላ እንደተሠሩት ኮሮላዎች ባሉ መኪናዎች ከዕድሜ ጋር ከሚያልቁ ክፍሎች አንዱ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ነባሮቹን ጠግኖ ማቆየት የብዙ ባለቤቶች ጉዳይ ሆኗል።

አሠራር

የፊት ጎማ ኃይል እየተቀበለ ወደ ጎን መታጠፍ፣ ከመንገዱ ጋርም ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። ተራው መስቀለኛ መገጣጠሚያ ሲታጠፍ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ ይህም መንቀጥቀጥ ያመጣል። ችግሩን ከፈቱት መካከል አልፍሬድ ርዜፓ የተባለው የፎርድ መሐንዲስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው መገጣጠሚያ ዋነኛው ነው። በዚህ መገጣጠሚያ ስድስት ኳሶች በተጠማዘዙ ቦዮች ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱ የሚገባውና የሚወጣው ፍጥነት እኩል ይሆናል። «ሲቪ» የሚለውም «ቋሚ ፍጥነት» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በምህጻር የተወሰደ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው የብሪታንያዋ ሚኒም በዚህ ዓይነት መገጣጠሚያ ተጠቅማለች።

በእርግጥ አክስሉ ነው?

በመታጠፊያ ላይ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ በጎማው በኩል ያለው መገጣጠሚያ ማለቁን ያሳያል። ቀጥታ እየነዱ ነዳጅ ሲሰጡ የሚመጣና ሲለቁ የሚጠፋ መንቀጥቀጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በካምቢዮ በኩል ካለው ይነሳል። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ፣ ነዳጅ ቢለቁም የማይቀየር ጉምጉምታ ግን የጎማ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ አክስል የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አውጥተው ድምፁን ይዘው ይመለሳሉ።

ላስቲኩ ብቻ ተቀዶ ድምፅ ካልጀመረ፣ መገጣጠሚያውን አጥቦ ግሪሱንና ላስቲኩን መቀየር በቂ ሊሆን ይችላል። አሸዋ ገብቶበት ብዙ ከተነዳ ግን ማጠብ አያድነውም።

የትኛውን መምረጥ?

ገበያ ላይ ኦሪጅናል አዲስ፣ ሌላ ኩባንያ የሠራው አዲስ፣ ታድሶ የተሸጠ እና ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ ይገኛሉ። «አዲስ ሁልጊዜ ከአሮጌ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም። ርካሽ አዲስ አክስል የብረቱ ጥንካሬ ወይም የቦዮቹ ልክ ደካማ ከሆነ በቆመበት ወይም በጉዞ ላይ ይንቀጠቀጣል። ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ ሲነቀነቅ ክፍተት የሌለው አሮጌ ኦሪጅናል ከዚያ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ላስቲኩን ቀይሮ መግጠም ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። የታደሰው ጥራት ባደሰው ሰው እጅ ይወሰናል፤ ያለቀው ቦይ ሳይስተካከል ቀለም ብቻ የተቀባም አለ።

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን ወደመሳሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ሲኬድ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር መያዝ፣ ከተቻለም የተፈታውን አክስል ይዞ መሄድ ይጠቅማል። «የኮሮላ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ሞዴል በማንዋልና በአውቶማቲክ ካምቢዮ የተለያየ አክስል ሊኖረው ይችላል። የግራውና የቀኙ ርዝመትም ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም። በሁለቱም ጫፎች ያሉት ጥርሶች ተቆጥረው እኩል መሆን አለባቸው። ፓራኦሊዮ የሚያርፍበት ውፍረት ካልገጠመ የካምቢዮ ዘይት ይፈሳል። መኪናው ኤቢኤስ ካለው በአክስሉ ላይ ያለው የጥርስ ቀለበትም ይታያል፤ የጥርሱ ቁጥር ከተለየ ኮምፒውተሩ የጎማውን ፍጥነት በስህተት ያነባል።

ሲገጠም

አክስሉ ሲወጣ ፓራኦሊዮውን አብሮ መቀየር ይመከራል፤ የፈሰሰው የካምቢዮ ዘይትም መተካት አለበት። ትልቁ ዳዶ በአምራቹ በተጻፈው ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠብቃል። ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናውን በጎማው ላይ ማሳረፍ በብዙ መኪናዎች ኩሽኔታውን ይጎዳል።

አክስሉ ጨርሶ ከተሰበረ ተራ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ኃይሉን ወደተሰበረው ጎን ስለሚለቅ አይንቀሳቀስም። አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» ላይ ቢደረግም ቁልቁለት ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ወዲያው የእጅ ፍሬን መያዝና ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ያስፈልጋል።